በዓሉ እስኪያልፍ

ወንድሜ የሞተ ዕለት እኔ ሜዳ ላይ የድምጽ ማጉያ ምሰሶ እያስተከልኩ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ቀኑን ከሰው ሰምቼ ወደ ኋላ ሳሰላው። እሱ የተሳፈረባት መኪና ሰሜን ውስጥ ፈንጂ ላይ ስትወጣ፣ እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ ቆሜ «ትንሽ ወደ ግራ፤ አሁን ልቀቁት» እያልኩ ነበር። ልቤ አልፈራም። ዓይኔም አልተርገበገበም። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ይታወቃል ሲሉ ስሰማ ዝም እላለሁ።

ሥራዬ ድምጽ ነበር። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነው የምንላት። በደርግ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ሕዝብ ሜዳ የሚወጣበት ነገር በዛ፤ የበዓል ሰልፍ፣ የዘመቻ ሽኝት፣ የኪነት ትርዒት። ለዚህ ሁሉ ማይክራፎን የሚዘረጋ፣ ማጉያ የሚሰቅል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እናታችን ከሲዳማ ገጠር የመጣች ፕሮቴስታንት ናት፤ ያሳደገችንም በመዘምራን መሃል ነው። ታናሽ ወንድሜ ይዘምራል። እኔ ድምፄ ስለማያምር ዕቃውን እነካካለሁ፤ ሽቦው ሲበጠስ እበይዳለሁ፣ ማጉያው ሲያፏጭ ማይኩን አርቃለሁ። አብዮቱ ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ፤ አምፕሊፋየሩም ወንበሩም ወደ መንግሥት መጋዘን ተወሰደ። ከወራት በኋላ አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ «ያንን ዕቃ የሚያውቀው አንተ ነህ ተባለ» አለኝ። አብሬው ሄድኩ። ዕቃውን ተከትዬ መንግሥት ቤት ገባሁ ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ ወንድሜም መጣ። ድምፁን የሰሙ ሰዎች የኪነት ቡድኑ ዘፋኝ አደረጉት።

እናቴ ያን ጊዜ፣ «ድምፁን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ምን እንደሚዘፍንበት ራሱ ይወቅ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሜዳ ላይ ድምጽ ማሰማት አዳራሽ ውስጥ እንደማሰማት አይደለም። አዳራሽ ግድግዳ አለው፣ የሰጠኸውን ይዞ ይመልስልሃል። ሜዳ ምንም አይዝም። የእኛ ሜዳ ደግሞ ሐይቅ አለበት። ጠዋት አየሩ ጸጥ ስለሚል በትንሽ ኃይል ሩቅ ይደረሳል። ከምሳ በኋላ ግን ከሐይቁ ወደ ከተማው ነፋስ ይነሳል። ከነፋሱ ጋር የሚሄድ ድምጽ ደህና ይሄዳል፤ ነፋሱን ገጥሞ የሚሄድ ግን ሽቅብ ይነሳና ከሰው ራስ በላይ ያልፋል። ከኋላ የቆመ ሰው የተናጋሪው አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ቃሉን አያገኘውም። ስለዚህ መድረኩ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ እንዲቆም ሁልጊዜ እጠይቅ ነበር። አንዳንዴ ይሰሙኛል።

የዚያን ዓመት የአብዮት በዓል ሲቃረብ አልሰሙኝም። የኪነት ቡድኑ መሪ ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ ሲናገር እጁን ከኋላው የሚያጣምር ሰው ነው። ሜዳው ላይ አገኘሁትና፣

«ጓድ፣ መድረኩ ቢዞር ድምጹ ከነፋሱ ጋር ይሄድልን ነበር» አልኩት።

«ቦታው ከላይ ተወስኗል። እንግዶቹ ሐይቁን እያዩ እንዲቀመጡ ነው የተፈለገው።»

«ከኋላ ያለው ሕዝብ አይሰማም እኮ።»

«ከኋላ ላለው ሌላ ማጉያ አቁምለት።»

አቆምኩ። በሜዳው መሃል ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ አስተክዬ፣ በየአንዳንዱ ላይ አፋቸው እንደ ጥሩምባ የሰፋ ማጉያዎች ሰቀልኩ። ይህ ግን የራሱ ጣጣ አለው። መሃል ያለው ማጉያ በሽቦ የመጣለትን ቃል ወዲያው ይናገራል። ከመድረኩ በኩል የተነሳው ያው ቃል ደግሞ አየር ላይ ተጉዞ ዘግይቶ ይደርስና ይደግመዋል። «ወደፊት» የተባለው «ወደፊት፣ ደፊት» ይሆናል። በዚያ ላይ የታቦር ተራራ አለ፤ እሱም በፈለገው ጊዜ የራሱን ይጨምራል። መድኃኒቱ የመሃሎቹን ፊት ወደ ኋለኛው ሕዝብ ማዞርና ድምጻቸውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ እንዲረዱ እንጂ እንዳይጮኹ። መጠኑን ለማግኘት አንድ ሰው መድረክ ላይ እየቆጠረ፣ አንዱ ደግሞ ሜዳውን በእግሩ እየዞረ ማዳመጥ አለበት። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚቆጥርልኝ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ በክረምቱ የሄደው ከቡድኑ ግማሽ ያህሉ ለሠራዊቱ ትርዒት ሊያሳዩ ወደ ሰሜን ሲላኩ ነው። የሄዱበት ጠዋት ካፊያ ነበር። ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ የመዝፈን ልማድ ስለነበረው ሁልጊዜ እቆጣዋለሁ። መኪናው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገለጥ አደረገና፣

«እንግዲህ ማይኩን ብበላውም የሚጮኽብኝ የለም» አለኝ።

«እዚያም ባለሙያ ይኖራል።»

«እንዳንተ ነዝናዛ አይሆንም።»

ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። እናቴ ከጎኔ ጃንጥላ ይዛ ነበር፤ ጃንጥላውን ግን በራሷ ላይ ሳይሆን መኪናው ወዳለበት ዘርግታው ስለነበር ሁለታችንም ረጠብን።

ወሬውን ያመጣው ከእነሱ ጋር የነበረ፣ በሌላ መኪና ይከተል የነበረ ሹፌር ነው። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል አዋሳ ደረሰና ለቡድኑ መሪ ነገረው። መሪው ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ነገረ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ጎረቤታችን ወደሆኑት ነጋዴ ሄደ። እኚህ ሰው ከስልጤ የመጡ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ለቤታችን እንደ አባት የነበሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። መርዶ እንደ ተራ ወሬ እንደማይነገር እናውቃለን፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጊዜ ተጠብቆ፣ ማለዳ ቤት ተሄዶ ነው የሚረዳው። እነሱም ተነጋገሩና በዓሉ እስኪያልፍ ይቆይ አሉ። እናቴ እንቁጣጣሽን በለቅሶ እንዳትውል ብለው ነው። ሜዳውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እኔና እናቴ አናውቅም።

በበዓሉ ጠዋት ወደ ሜዳው ስሄድ የሰፈራችን ጋሪ ነጂ «ዛሬ እኔ ላድርስህ» ብሎ ከነዕቃዬ አሳፈረኝ፤ ለወትሮው እኔን አልፎ ሌላ ተሳፋሪ ነበር የሚጠራው። ጀኔሬተሩን አስነሳን። አምፕሊፋየሩ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። የሚቆጥርልኝ ስላልነበረ ከወንድሜ ጋር ሁልጊዜ አብራ የምትዘፍነውን ልጅ ጠየቅኋት። ዓይኔን ሳታይ ማይኩን ተቀበለችኝ።

እኔ ሜዳውን መዞር ጀመርኩ። ሰው ገና አልሞላም፤ ተማሪዎች በሰልፍ ይገባሉ፣ የገበሬ ማኅበር ሰዎች ባንዲራቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ የሐይቅ ወፎች በመድረኩ ጣሪያ ላይ ቆመዋል። ከማጉያዎቹ ድምጿ ይመጣል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» መሃሉ ጋ ስደርስ ድምጿ ተቆራረጠ። «አንድ፣ ሁ... ሁለት...» ይልና ይጠፋል፤ ተመልሶ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ዝናብ የበላው ገመድ እንደዚህ ያደርጋል። ወደ መድረኩ ተመልሼ የማይኩን ገመድ ነቀልኩ፣ ጫፉን ፈታሁ፣ ብየዳውን አየሁ። ደህና ነው። ቢሆንም በሌላ ቀየርኩት።

«አሁን ሞክሪ» አልኳት።

«አልችልም» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጉሮሮዬን ይዞኛል።»

መሪው ከጎን መጣና ማይኩን ከእጇ ወስዶ እሱ ራሱ መቁጠር ጀመረ። እየቆጠረ እኔን አላየኝም፤ ተራራውን ነበር የሚያየው። የመሃሎቹን ማጉያዎች አስተካክዬ ጨረስኩ። በየደረስኩበት የማውቃቸው ሰዎች ቆመው ሰላም ይሉኛል። አንድ በቅጡ የማላውቀው የቢሮ ጸሐፊ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየ። ሰው በበዓል ቀን ጥሩ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አባባ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ በሳህን ይዘዋል። እኔ ካለሁበት ከመድረኩ ሥር፣ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምን አደከመዎት? እዚህ ድረስ!» አልኳቸው።

«ሱቅ ሰው የለም። ሁሉም እዚህ ነው። ብላ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ በልቻለሁ። አንተ ብላ፣ ልጄ።»

በላሁ። እሳቸው ስበላ ያዩኛል። ጨርሼ ሳህኑን ስመልስላቸው ተነስተው ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ፀሐዩ ይፋጃል። አልበረደኝም ልላቸው ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደፈራሁት ከሐይቁ ተነሳ። ንግግሮቹ ረጅም ነበሩ። የእኔ ሥራ ቃሉን መስማት አይደለም፤ ቃሉ ተሰምቶ እንደሆነ መስማት ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ መፈክሩን ዘግይቶ ከመለሰ አልደረሰውም ማለት ነው። በአንድ ላይ ከመለሰ ደርሶታል። ነፋሱ ሲበረታ የመሃሎቹን ትንሽ ከፍ፣ ሲላላ ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የዚያን ቀን ድምጽ የተሻለው ይመስለኛል። ታቦር እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ።

የኪነት ቡድኑ ተራ ሲደርስ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የነገሩኝ እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም። ወንድሜ የሚመራው፣ ሕዝቡ የሚወደው አንድ ዘፈን ነበር፤ እሱ ባይኖርም ሌላ ሰው ይዘፍነዋል ብዬ ጠብቄያለሁ። ዘለሉት። መሪውን ጠርቼ፣

«ያኛው ዛሬ የለም?» አልኩት።

«ጊዜ የለንም» አለኝ። ጊዜ ነበረን፤ እንግዶቹ ገና ሻይ እየጠጡ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ሕዝቡ ተበተነ። ገመድ መጠቅለል ስጀምር መጋዘን ጠባቂው፣ መሪው፣ ሁለት ዘፋኞች መጥተው «ተወው፤ እኛ እንሰበስባለን፤ አንተ ቤትህ ሂድ» አሉኝ። በሕይወቴ ማንም ገመድ ሰብስቦልኝ አያውቅም። ገመድ በዘፈቀደ ከተጠቀለለ ውስጡ ይሰበራልና እንቢ አልኩ። በክርኔና በመዳፌ መሃል እያዞርኩ አንድ በአንድ ጠቀለልኩ። እነሱም ቆመው አዩኝ። መቼም ያ ጊዜ ለእነሱ ረዝሞባቸው ይሆናል።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አባባ ነበሩ፤ ከኋላቸው ሊቀመንበሩ፣ ከእናቴ ጋር ድሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። የነጠላው አለባበስ ነገረኝ። አባባ ገብተው ቆሙ። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«ልጄ፣ እናትህን ያዛት» አሉኝ።

ያዝኳት።

«ልጃችን የለም» አሉ። «መንገድ ላይ ቀረ። ታላቅ ነህና ጠንከር በል።»

እናቴ በሲዳምኛ ጮኸች። ስሙን አልነበረም የጠራችው፤ ሕፃን ሳለ ትጠራው የነበረውን ቃል ነው። ክንዴ ላይ ከበደችኝ፣ ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ምን እንደምል ጠበቁ። ከአፌ የወጣው፣

«የትናንቱ ዕቃ መጋዘን ገብቷል?» የሚል ነበር።

ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎቹን አየ። «ገብቷል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሽፋኑ ተደርጎለታል?»

«ተደርጎለታል፣ ወንድሜ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የሚወጣ ነገር ካለ ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። እጄ ደንዝዞ እንደሆነ ልይ ብዬ በጣቴ ጣቴን ጫንኩት፤ አልደነዘዘም።

ድንኳኑ ከቤታችን ፊት ተጣለ። መንገዱ ላይ የበዓሉ ባንዲራና ወረቀት አልተነሳም ነበር፤ ለቀስተኛው በእሱ ሥር እያለፈ ይመጣ ነበር። ሊቀመንበሩ «ሳምንቱ የበዓል ሳምንት ስለሆነ ለቅሶው ባይበዛ» ብሎ ነበር፤ አባባ «እናት አታልቅስ ነው የምትለኝ?» ሲሉት ዳግመኛ አላነሳውም። የገጠር ዘመዶቻችን በቡድን እየመጡ በሲዳምኛ አለቀሱ፣ የአባባ ዘመዶች ዱዓ አደረጉ፣ የእናቴ ጓደኞች ደግሞ በታሸገው ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ጮክ ብለው መዘመር ስለማይችሉ በለሆሳስ ዘመሩ። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሸራ ድምጽ ይበላል፤ የሴቶቹ ጩኸት ድንኳን ውስጥ ሲገባ ቀጭኑ ይቀርና ወፍራሙ ብቻ ይሰማል። ይህን ነበር የማስበው። እያየሁት ያለሁት የወንድሜ ለቅሶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል ነበር።

ዘፋኟ የመጣችው ሰው ቀለል ሲል ነው። ከጎኔ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ንገሩት ብያቸው ነበር። እምቢ አሉኝ። ያን ጠዋት ልነግርህ ፈልጌ ማይኩ አፌ ላይ ነበር። ሜዳው ሁሉ ይሰማል ብዬ ፈራሁ።»

«ገመዱ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስትቀይረው አየሁህ።»

«ገመዱ ደህና ነው። ኋላ ላይ መልሼ ሞክሬዋለሁ።»

በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። እኔ ውሃ አምጡላት አልኩ። ተናደህብኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተናደድኩም ነበር። በእሷም፣ በመሪውም፣ በአባባም። ንዴት የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ሌላውም ቦታ እንዲሁ።

ከአርባ ቀን በኋላ ሥራ ገባሁ። መሪው እጁን ከኋላው አጣምሮ «መድረኩ በሚቀጥለው በፈለግኸው በኩል ይሁን» አለኝ። እንዳለውም አደረገ። ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥተን አቆምነው፤ ድምጹ ከነፋሱ ጋር ሄደ፤ የመሃሎቹ ምሰሶዎች አላስፈለጉም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዘፋኟ ዓመቱ ሳያልቅ ቡድኑን ለቅቃ ዲላ ሄዳ አገባች። ከተማ ስትመጣ ወደ እናቴ ትገባለች፤ ጓዳ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ምን እንደሚያወሩ አልሰማም። እኔ መንግሥቱ እስኪወድቅ በዚያው ሥራ ቆየሁ። ብዙ ሽኝት አሰማሁ። ሸራ የለበሱ መኪኖች ሲነሱ እናቶች የሚያሰሙትን ጩኸት ማይኩ እንዳይለቅመው ፊቱን አዞር ነበር፤ ይህን ያዘዘኝ የለም፤ ፉጨት ስለሚያመጣ ነው ብዬ ለሚጠይቀኝ እመልሳለሁ።

እናቴ ስለዚያ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ ተከፍተው እሷም አርጅታ፣ በረንዳ ላይ ቆጮ እየበላን ሳለ፣ በሲዳምኛ፣

«ያን ቀን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንተ መሃላቸው ስትዞር ምንም አልሰማህም?»

«ድምጹ ከኋላ ይድረስ አይድረስ ነበር የምሰማው።»

የያዘችውን ጉርሻ አኘከች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካችኝ፤ ትልቅ ሰው ከሆንኩ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። እጇ ሻካራና ሞቃት ነበር። ሙቀቱ ተሰማኝ። እንዳትወስደው ብዬ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ፤ ቆጮው በሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ።